የጎደለችው 0.0000002፤ ስለ ዳግም ዘርና ስለ ኢ-ንጥጥር ቁጥሮች

ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሰሞኑን አንድ ምሽት ካልኩሌተር ይዛ ወደ ሳሎን መጣች። ካልኩሌተሯ ከብዙ ዓመት በፊት የገዛኋት፣ ስምንት አሃዝ ብቻ የምታሳይ ትንሽ ዕቃ ናት።

«አባዬ፣ ይቺ ነገር ተበላሽታለች መሰለኝ» አለችኝ።

አጠገቤ ተቀምጣ ያደረገችውን ደግማ አሳየችኝ። መጀመሪያ 2 ጻፈች። ቀጥላ የዳግም ዘር ምልክቱን (√) ተጫነች። 1.4142135 መጣ። ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ገልብጣ ካልኩሌተሯን አጠፋቻት። እንደገና ከፍታ ያንኑ ቁጥር አስገባችና በራሱ አባዛችው። የ2 ዳግም ዘር በራሱ ሲባዛ 2 መሆን አለበት። የመጣው ግን 1.9999998 ነው።

«0.0000002ቷ የት ሄደች?»

እኔ እንጀራዬን የምበላው በሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ሃያ አምስት ሳንቲም ጎደለች ብዬ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢሮ ያመሸሁበት ጊዜ አለ። ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ላከብረው ይገባኝ ነበር። የመለስኩላት ግን «ማጠጋጋት ነው፣ ተይው። ካልኩሌተሯ ቦታ ስላነሳት ነው እንጂ ትልቅ ብታገኚ ልክ ይመጣል» ብዬ ነው። ልጅቱም አመነችኝና ሄደች።

ከተኛሁ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ ጠይቄ አስተማሪዬ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብለው እንዳስቀመጡኝ ትዝ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳግም ዘርን በቃሌ የያዝኩት ነገር አደረግሁት እንጂ ገብቶኝ አያውቅም። በማግስቱ መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁት ለልጄ የነገርኳት መልስ ስህተት መሆኑን ነው። የቱንም ያህል ትልቅ ካልኩሌተር ብታገኝ ልክ አይመጣም። ይህ ጽሑፍ ያንን ስህተት ለማረም የሞከርኩበት ነው። እንደኔ ሒሳብን በሽምደዳ አልፎ ዛሬ ልጁን ለሚያስጠና ወላጅም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ዳግም ዘር ሲባል

አንድን ቁጥር በራሱ ስናባዛው የምናገኘው ውጤት የዚያ ቁጥር ዳግም ርቢ ይባላል። የ5 ዳግም ርቢ 25 ነው። ጥያቄውን ገልብጠን «በራሱ ተባዝቶ 25 የሚሆነው ማን ነው?» ስንል ደግሞ የምንፈልገው ዳግም ዘሩን ነው። የ25 ዳግም ዘር 5 ነው። ርቢው የወለደው ነው፤ ዘሩ የተገኘበት ነው። በአማርኛ የተዘጋጁት የትምህርት መጻሕፍት የመረጧቸው ቃላት ነገሩን ጥሩ አድርገው ይገልጹታል።

ዛሬ የምንጠቀምበት የ√ ምልክት መጀመሪያ በኅትመት የታየው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ እ.ኤ.አ በ1525 በጀርመንኛ ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ ውስጥ ነው። አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ከዜሮ በታች ያለው 5ም በራሱ ሲባዛ 25 ይሆናል። ነገር ግን √25 ስንል በስምምነት የምንወስደው ከዜሮ በላይ ያለውን ብቻ ነው።

ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች ዳግም ዘራቸው ሙሉ ቁጥር የሚሆነው አሥሩ ብቻ ናቸው፤ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25፣ 36፣ 49፣ 64፣ 81 እና 100። የቀሩት ዘጠናዎቹስ? ችግሩ ያለው እነሱ ጋ ነው።

«200 ካሬ» ስንት በስንት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ቦታ ሲወራ «100 ካሬ»፣ «200 ካሬ» ማለት የተለመደ ነው። እስቲ ቦታው አራቱም ጎኑ እኩል ነው እንበል። 100 ካሬ ሜትር የሆነው 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። እጥፉ፣ ማለትም 200 ካሬ የሆነውስ? ይህን ጥያቄ ቢሮ ውስጥ ለባልደረቦቼ አቅርቤ ነበር። ሁለቱ ሳያስቡ «20 በ20» አሉ። 20 በ20 ግን 400 ካሬ ነው።

ባልደረቦቼ ብቻቸውን አይደሉም። ፕላቶ «ሜኖ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስ አንድ ትምህርት ያልቀመሰ አገልጋይ ልጅ ጠርቶ የአንድን ካሬ ስፋት እንዲያጥፍ ሲጠይቀው ያሳየናል። ልጁም መጀመሪያ የመለሰው ጎኑን በማጠፍ ነው። ሶቅራጥስ መሬት ላይ እየሣለ ሲጠይቀው ግን መልሱ ሌላ ቦታ ተገኘ፤ ካሬውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሚያቋርጠው ሰያፍ መስመር ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 10 በ10 የሆነውን ቦታ በሰያፍ መስመር ለሁለት ብንከፍለው እያንዳንዳቸው 50 ካሬ የሆኑ ሁለት ጎነ-ሦስቶች እናገኛለን። በዚያ ሰያፍ መስመር ልክ አዲስ ካሬ ብንሠራ ደግሞ ውስጡ እንደነዚህ ያሉ አራት ጎነ-ሦስቶችን ይይዛል። አራት ጊዜ 50፣ 200። ስለዚህ የ200 ካሬው ጎን ማለት የ100 ካሬው ሰያፍ ማለት ነው። ርዝመቱም √200 ሜትር ሲሆን የ√2 አሥር እጥፍ ነው።

ስንት ይሆናል ታዲያ? ያለ ካልኩሌተር የሚገኝበት ቀላል ዘዴ አለ። ግምት ይውሰዱ። 14 በ14፣ 196 ስለሆነ 14 ጥሩ ግምት ነው፤ ግን ትንሽ ያንሳል። 200ን ለ14 ያካፍሉ፤ 14.2857 ይመጣል። ይህ ደግሞ ትንሽ ይበዛል። ትክክለኛው በሁለቱ መካከል ስለሆነ አማካያቸውን ይውሰዱ፤ 14.142857 ይሆናል። ገና በመጀመሪያው ዙር ስህተታችን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ወርዷል። ያንኑ ሥራ አንድ ጊዜ ቢደግሙት 14.1421356 ላይ ይደርሳሉ። በየዙሩ የትክክለኛ አሃዞቹ ቁጥር እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ይህን ሳነብ ከዓመታት በፊት አንዲት የሰርቪስ ክፍል ሳሠራ የገጠመኝ ትዝ አለኝ። ፎርማኑ ችካል ተክሎ ሲባጎ ወጠረ። ከማዕዘኑ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር ለክቶ ምልክት አደረገ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ ሲባጎውን አንቀሳቀሰው። 3 በ3፣ 9፤ 4 በ4፣ 16፤ ድምራቸው 25 ነው። 5 በ5ም 25 ነው። የፓይታጎረስ ሕግ እንደሚለው እንዲህ ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑ አያጠራጥርም።

ክፍሏ 4 በ4 ስለነበረች ፎርማኑ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ሰያፎች ለካ። «5 ሜትር ከ66» አለ። «ልክ 5 ከ66 ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሜትሩ ከዚህ በላይ አይናገርም» አለኝ። ያኔ ስቄ አለፍኩት። 4 በ4 የሆነ ክፍል ሰያፉ 5.65685... ሜትር ነው፤ ነጥቦቹ የሚያበቁበት ቦታ የለም። ከዚያ በላይ መናገር የሚችል ሜትር ቢሠራ እንኳ ተናግሮ አይጨርስም።

ንጥጥርና ኢ-ንጥጥር

አንድ ቁጥር የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆኖ መጻፍ ከቻለ ንጥጥር ቁጥር ይባላል። 3/4፣ 7፣ 0.25፣ 22/7 ሁሉም ንጥጥር ናቸው። 7 ራሱ 7/1 ነው። 0.25 ደግሞ 1/4 ነው። በዚህ መንገድ ሊጻፍ የማይችለው ቁጥር ኢ-ንጥጥር ይባላል።

እዚህ ላይ የእንግሊዝኛው ስም ብዙዎቻችንን አሳስቶናል። «ኢራሽናል» ሲባል «ምክንያት የለሽ»፣ «ከአእምሮ ውጪ የሆነ» ቁጥር የሚመስለን አለን። ስሙ የመጣው ግን «ሬሾ» ከሚለው ቃል ነው። ሬሾ ማለት ንጥጥር ነው። ቁጥሩ የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ንጥጥር አይደለም ለማለት እንጂ ሥርዓት የለውም ለማለት አይደለም። «ኢ-ንጥጥር» የሚለው የአማርኛ ስም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግልጽ ነው።

ሁለቱን በአስርዮሽ አጻጻፋቸው መለየት ይቻላል። ንጥጥር ቁጥር ወይ ያበቃል፣ ወይ እየተደጋገመ ይሄዳል። 1/4፣ 0.25 ብሎ ያበቃል። 1/7 ደግሞ 0.142857142857... እያለ እነዚያኑ ስድስት አሃዞች ይደጋግማል። መደጋገሙ አጋጣሚ አይደለም። አንድን ቁጥር ለ7 ስናካፍል ቀሪው ከ0 እስከ 6 ካሉት ከሰባቱ ሊያልፍ አይችልም። ቀሪው 0 ከሆነ ያበቃል። ካልሆነ ውሎ አድሮ ቀድሞ የታየ ቀሪ መመለሱ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ያው ዙር እንደገና ይጀምራል። ኢ-ንጥጥር ቁጥር ግን አያበቃም፣ ወደ አንድ ዓይነት ድግግሞሽም አይገባም።

«አይወጣም» ማለትና «አልወጣም» ማለት

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ እንመለስ። አንድ ሰው «እስካሁን አልተገኘም» ቢል ነገ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ስለ √2 የምንለው ግን «አይገኝም» ነው። ይህን ያህል በእርግጠኝነት ለመናገር ማስረጃ ያስፈልጋል። ሁለት ማስረጃ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ለካልኩሌተሯ ነው። ካልኩሌተር የሚያሳየን ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ላይ የሚያበቃ ቁጥር ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው የመጨረሻ አሃዝ ዜሮ ካልሆነ ከ1 እስከ 9 ካሉት አንዱ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ በራሳቸው እናባዛና የውጤቱን የመጨረሻ አሃዝ እንይ። 1፣ 4፣ 9፣ 6፣ 5፣ 6፣ 9፣ 4፣ 1 እናገኛለን። ዜሮ የለም! ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ጭራ ያለው ቁጥር በራሱ ሲባዛ ጭራው ይረዝማል እንጂ አይጠፋም። 1.4142135 በራሱ ሲባዛ ትክክለኛ ውጤቱ 1.99999982358225 ነው፤ የመጨረሻው አሃዝ 5 ነው። መቶ አሃዝ ይሁን ሚሊዮን አሃዝ፣ የሚያበቃ ጭራ ያለው ማንኛውም ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ድፍን 2 ሊሆን አይችልም።

ይህ የሚያበቁትን ቁጥሮች ብቻ ነው የሚያስወግደው። እንደ 1/7 የሚደጋገሙትስ? ለእነሱ ሁለተኛው ማስረጃ አለ። ለእኔ ለሒሳብ ሠራተኛው ይህ የገቢና ወጪ ማመሳከሪያ ይመስለኛል።

ማንኛውም ከ1 የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ይበተናል፤ አበታተኑም አንድ ብቻ ነው። 12 ማለት 2×2×3 ነው። ውስጡ ሁለት 2ቶች አሉ። 12 በራሱ ሲባዛ 144 ይሆናል፤ በውስጡ አራት 2ቶች አሉ። 6 ውስጥ አንድ 2 አለ፤ በ36 ውስጥ ሁለት። ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ ሁሉም ነገር እጥፍ ስለሚሆን በማንኛውም ዳግም ርቢ ውስጥ ያሉት 2ቶች ብዛት ሁልጊዜ ለሁለት እኩል ይከፈላል። 2 ጨርሶ ከሌለበትም ብዛቱ ዜሮ ነው፤ ዜሮም ለሁለት እኩል ይከፈላል።

እንግዲህ √2 በክፍልፋይ ተጽፏል እንበል። ላዕሉን ሀ፣ ታህቱን ለ እንበላቸው። ሀ/ለ በራሱ ሲባዛ 2 ከሆነ፣ ሀ×ሀ = 2×ለ×ለ መሆን አለበት። ግራውን ስንቆጥር ዳግም ርቢ ስለሆነ የ2ቶቹ ብዛት ለሁለት እኩል ይከፈላል። ቀኙን ስንቆጥር ለ×ለ ውስጥ ያሉት ለሁለት እኩል ይከፈላሉ፤ ፊት ለፊት የቆመችው አንዲት 2 ስትጨመር ግን ድምሩ ጎዶሎ ይሆናል። አንድ ቁጥር በግራ መዝገብ ሙሉ፣ በቀኝ መዝገብ ጎዶሎ ሊሆን አይችልም። ሒሳቡ አይገጥምም። ስለዚህ መጀመሪያ የያዝነው ግምት ሐሰት ነው፤ √2ን የሚጽፍ ክፍልፋይ የለም።

ያው ማስረጃ ለ3፣ ለ5፣ ለ7 ይሠራል። 2ቶችን በመቁጠር ፈንታ 3ቶችን፣ 5ቶችን፣ 7ቶችን መቁጠር ብቻ ነው። 9 ላይ ሲደርስ ግን አይሠራም፤ 9 ራሱ ሁለት 3ቶች ስላሉት መዝገቡ ይገጥማልና። በዚህ መንገድ ዘጠናዎቹ የቀሩት ቁጥሮች ሁሉ ዳግም ዘራቸው ኢ-ንጥጥር መሆኑ ይረጋገጣል። ሙሉ ቁጥር ዳግም ዘሩ ወይ ሙሉ ቁጥር ነው፣ ወይ ኢ-ንጥጥር ነው፤ መሀል ሰፋሪ የለም።

ከሸክላ ሰሌዳ እስከ ግሪክ

ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ የባቢሎን ቅርሶች ስብስብ ውስጥ በመዳፍ የምትያዝ አንዲት የሸክላ ሰሌዳ አለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተጻፈች ይገመታል። ሰሌዳዋ ላይ አንድ ካሬ ከነሰያፎቹ ተሥሏል። ጎኑ 30 ተብሎ ተጽፎበታል። በሰያፉ ላይ ባቢሎናውያን በሚጠቀሙበት በ60 የሚሄድ አቆጣጠር 1፣ 24፣ 51፣ 10 የሚሉ አሃዞች ሰፍረዋል። ወደ እኛ አጻጻፍ ሲለወጥ 1.414213 ገደማ ነው። በዚህ ቁጥር ጎኑ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ካሬ ሰያፉን ቢያሰሉ ስህተቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም።

ባቢሎናውያን እንዲህ ተጠግተው አስልተዋል። ቁጥሩ ፈጽሞ በክፍልፋይ እንደማይያዝ ያረጋገጡት ግን ግሪኮች ናቸው። የፓይታጎረስ ተከታዮች ዓለም ሁሉ በሙሉ ቁጥሮችና በንጥጥሮቻቸው ይገለጻል ብለው ያምኑ ነበር ይባላል። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሂፓሰስ ይህን ምስጢር አውጥቶ ባሕር ሰጠመ የሚለው ታሪክ በሰፊው ይነገራል። ይህ ግን ከዘመናት በኋላ የተጻፈ አፈ ታሪክ ስለሆነ እንደ እውነት ልንይዘው አይገባም። የተሻለው ምስክር ፕላቶ ነው። «ቴአቴተስ» በተባለው ድርሰቱ የቄሬናው ቴዎዶሮስ ከ3 እስከ 17 ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ወስዶ እንዳሳየ ጽፏል። ዩክሊድም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 አካባቢ ባዘጋጀው ታላቅ ሥራ አሥረኛውን መጽሐፍ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቶታል።

በመካከለኛው ዘመን በአረብኛ የጻፉ የሒሳብ ሊቃውንት እነዚህን ዘሮች «ደንቆሮ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሯቸው ነበር። ቃሉ በላቲን በኩል ዞሮ እንግሊዝኛ ውስጥ «ሰርድ» ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር «ሰርድ» እያልን የሸመደድነው እንግዲህ «ደንቆሮ ቁጥር» ማለት ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ከሌሎቹ ጋር በቁጥር መስመር ላይ ያላቸውን ቦታ በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመው ደግሞ ጀርመናዊው ሪቻርድ ዴዴኪንድ እ.ኤ.አ በ1872 ባሳተመው ሥራ ነው።

ጠረጴዛዎ ላይ ያለው √2

ይህ ሁሉ ለቢሮ ሰው ምን ያደርግለታል ለሚል አንባቢ አንድ ወረቀት እንዲያነሳ እጋብዘዋለሁ። በየቀኑ የምንጽፍበት ኤ 4 ወረቀት ወርዱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ ለምን ተመረጠ? ኤ 3 ወረቀት መሀሉ ላይ ሲታጠፍ ኤ 4 ይሆናል። ኤ 4 ሲታጠፍ ኤ 5 ይሆናል። ሲታጠፍ መጠኑ ያንሳል እንጂ ቅርጹ አይለወጥም። ይህ የሚሆነው ቁመቱ የወርዱ √2 እጥፍ ሲሆን ብቻ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኤ 3ን ወደ ኤ 4 ሲያሳንስ 71%፣ ኤ 4ን ወደ ኤ 3 ሲያሳድግ 141% የሚለውም ለዚህ ነው። 1.41 ራሱ √2 ነው፤ 0.71 ደግሞ ግማሹ። የዚህን ቅርጽ ጥቅም ጀርመናዊው ጌኦርግ ክሪስቶፍ ሊሽተንበርግ እ.ኤ.አ በ1786 በጻፈው ደብዳቤ አንስቶታል። ጀርመን በ1922 መለኪያዋ አደረገችው። ዛሬ አይኤስኦ 216 ተብሎ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኗል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። 297/210 ሲቃለል 99/70 ነው። 99 በራሱ ሲባዛ 9801 ነው። የ70 ዳግም ርቢ እጥፍ ደግሞ 9800። በአንድ ሳተ! ወደ √2 የሚጠጉ ክፍልፋዮችን በቅደም ተከተል ብናይ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። 7/5ን እንውሰድ፤ 49 እና 50። 17/12፤ 289 እና 288። 41/29፤ 1681 እና 1682። አንድ ጊዜ በአንድ ያልፋል፣ አንድ ጊዜ በአንድ ያንሳል፣ ልክ ግን አይመጣም። የሚከተለውን ለማግኘት ላዕልና ታህቱን ደምረው አዲሱ ታህት ያድርጉት፤ አዲሱ ላዕል ደግሞ የድሮው ላዕልና የድሮው ታህት እጥፍ ድምር ነው። ከ41/29 ተነስተው ቢሠሩት 99/70 ይመጣል። ቀደም ሲል የ200 ካሬውን ጎን ስንፈልግ በመጀመሪያው ዙር ያገኘነው 14.142857ም 99/7 ነው። ያው ቁጥር በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ላይም አለ። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት የሚባለው ኃይል በተለዋዋጭ ሞገድ የሚመጣ ነው። 220 የተባለው ውጤታማ ልኩ ነው እንጂ የሞገዱ ጫፍ በ√2 ተባዝቶ ወደ 311 ቮልት ይደርሳል።

ብዙ ጊዜ የምንሳሳትባቸው

አንደኛ፣ «ኢ-ንጥጥር ማለት የማያልቅ ቁጥር ነው» እንላለን። 1/3ም 0.333... እያለ አያልቅም፤ ንጥጥር ግን ነው። ልዩነቱ አለማለቁ ብቻ ሳይሆን አለመደጋገሙም ነው።

ሁለተኛ፣ «ፓይ 22/7 ነው» ተብለን ያደግን ብዙ ነን። 22/7 ንጥጥር ነው፤ 3.142857... ይላል። ፓይ ግን 3.141592... ነው። ፓይ ኢ-ንጥጥር መሆኑን እ.ኤ.አ በ1761 ያረጋገጠው ዮሐን ሃይንሪክ ላምበርት ነው። 22/7 ለሥራ የሚበቃ ጎረቤቱ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የድምር ዳግም ዘር የዳግም ዘሮች ድምር አይደለም። የ9 ዳግም ዘር 3፣ የ16 ደግሞ 4 ነው፤ ድምራቸው 7። የ25 ዳግም ዘር ግን 5 ነው። ፎርማኑ 7 ሜትር ቢለካ ኖሮ ቤቴ እስካሁን ጠማማ ነበር።

አራተኛው ትልቁ ነው። «አሃዞቹ ስለማያልቁ √2 የተወሰነ ቁጥር አይደለም» የሚሉ አሉ። የተወሰነ ነው። የክፍሏ ሰያፍ ከአንዱ ማዕዘን ተነስቶ ሌላው ላይ ያበቃል። ሲባጎው አላልቅም አላለም። የማያልቀው በአሥር አሃዞች ልንጽፈው ስንሞክር የኛ ጽሕፈት ነው። √2 ብለን ስንጽፈው ግን ሙሉውን፣ ምንም ሳይጎድል ጽፈነዋል።

ዕዳዬን ስከፍል

በሳምንቱ መጨረሻ ልጄን ጠርቼ «ያን ቀን የነገርኩሽ ስህተት ነበር» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። አንድ ኤ 4 ወረቀት አምጥቼ አጭሩ ጠርዝ በረጅሙ ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ከማዕዘኑ አጠፍኩት። እጥፋቱ የካሬው ሰያፍ ነው። ሌላ ወረቀት አንስታ ረጅሙን ጎን እጥፋቱ ላይ ስታስተኛው ልክ ገጠመ። እርስዎም ይሞክሩት። ልዩነት አለ፤ ግን 0.015 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከወረቀቱ ውፍረትም እጅግ ያንሳል።

«ይኸው ገጠመ እኮ» አለች።

99 በ99 እንድታባዛ፣ 70ንም በ70 አባዝታ እንድታጥፍ ነገርኳት። 9801 እና 9800 አገኘች። ከዚያ የመጨረሻ አሃዞቹን፣ ቀጥሎም የ2ቶቹን ቆጠራ አብረን ሠራን። መሀል ላይ ሁለት ጊዜ አስቆመችኝ፤ አንዱን ጥያቄዋን ለመመለስ ወደ መጽሐፌ መመለስ ነበረብኝ። ሲያልቅ ካልኩሌተሯን አነሳችና «እና አልተበላሸችም ማለት ነው» አለች። ቀጥላ የእኔን ስልክ ወስዳ ሞከረች። ስልኩ ያንኑ √2 በራሱ አባዝቶ 2 አለ። ስልኩ የማያሳየን ተጨማሪ አሃዞች ውስጥ ውስጡን እየያዘ መጨረሻ ላይ ስለሚያጠጋጋ ነው አልኳት።

«ስለዚህ የሚዋሸው ስልኩ ነው» አለች።

በሙያዬ ለጎደለ ገንዘብ ሁልጊዜ ተጠያቂ ይፈለጋል። 0.0000002ን ግን የወሰዳት የለም። 1.4142135 መጀመሪያውኑ √2 ስላልነበረ ከመነሻው አልገባችም። ልጄ ይህን ከተረዳች በኋላ √3ን ራሷ ለመሞከር ደብተሯን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ፈተና ላይ ይምጣ አይምጣ አልጠየቀችኝም።

ቸር እንሰንብት።